የማሙሽ ንጹሕ ከርነል

ማሙሽ ታላቅ እህቱን መሥሪያ ቤቱ ያስገባት እናቱ ስለለመኑት እንጂ ወዶ አልነበረም።

እናትየው አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት አልፈው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያነሣቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ሴት ልጃቸው ናት። ቤት ውስጥ እታለም ትባላለች። እናቷ ከመታመማቸው በፊት የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበረች፤ ያውም ስሟ የሚጠራ። ማሙሽን የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያስጻፈችው እሷ ናት። ጎኑ ተቀምጣ፣ ሲሳሳት በእርሳስ ጫፍ ጠረጴዛውን ኳ ኳ እያደረገች፣ "እስቲ እንደገና እየው" ትለው ነበር። እሱ አይቶ፣ አርሞ፣ አድጎ፣ አለቃ ሆነ። እሷ ቤት ቀረች።

እናትየው በምርኩዝ ተደግፈው መራመድ የጀመሩ ጊዜ ልጃቸውን አስቀምጠው፣ "እህትህ በእኔ ምክንያት ቀረች። አንተ ሰው ስታዝ እሷ ድስት ስትፈትግ እያየሁ አፈር ልገባ ነው?" አሉት።

"እሺ እማዬ" አለ ማሙሽ። እናቱን እሺ ማለት ከብዶት አያውቅም።

መሥሪያ ቤቱ ለሆስፒታሎች የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን የሚለኩ መሣሪያዎችን ይሠራል። መሣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ትልቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከኤሌክትሪክ የማይነቀል ነው። ትንሹ በባትሪ የሚሠራ፣ በሽተኛው ከክፍል ወደ ክፍል ሲገፋ አብሮት የሚሄድ ነው። በሁለቱም ሆድ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ግን አንድ ነው፤ ከርነል ይሉታል። ስክሪኑን፣ የልብ ምቱን የሚያነበውን ሴንሰር፣ ባትሪውን የሚያዝዘው፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚንጠለጠልበት ግንድ እሱ ነው። የማሙሽ ክፍል ውሎ አዳሩ ከዚህ ግንድ ጋር ነው።

እታለም ሥራ የጀመረች ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወደተሰበሰበበት ክፍል ገባች። ወንበር ሞልቷል። ዙሪያውን አየችና ወንድሟን፣ "ማሙሽ፣ እስቲ ጠጋ በልልኝ" አለችው።

ከመሀል አንድ ሳቅ ወጣ። የሳቀው፣ ሲሰድቡትም ሲያመሰግኑትም ስለሚስቅ ሳቂታው ብለው የሚጠሩት መሐንዲስ ነው። የማሙሽን ወንበር መመኘት ከጀመረ ሰንብቷል። "ማሙሽ!" አለ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በኮሪደሩ፣ በሻይ ማሽኑ አጠገብ፣ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፣ አለቃ የነበረው ሰውዬ ማሙሽ ሆነ። ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ላደረገበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ እህቱን ደረጃው ሥር ጠርቶ አቆማት።

"እዚህ ማሙሽ የሚባል ሰው የለም" አላት።

"ውይ! አፌ ነው እኮ። ለምዶብኝ ነው።"

"አንተም አትበይኝ። እርስዎ ነው የምትይኝ።"

የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፊቱን ስታየው ፈገግታዋን ሰበሰበችው። "እሺ" አለች። ወዲያውም፣ "እሺ፣ እንዳሉ" አለች።

ያን ሳምንት እሑድ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ምሳ ሲቀርብ፣ እታለም ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ፣ "ይብሉ እንጂ፣ ምነው ተዉት?" አለችው።

"ማንን ነው አንቱ የምትዪው?" አሉ እናትየው።

"አፌን ላስለምደው ብዬ ነው እማዬ። ሰው ፊት ስቼ እንዳላዋርደው።"

እናትየው በሳቅ ፈረሱ። ማሙሽም አብሯቸው ሳቀ። እዚህ እንኳ ተይው ሊላት ይችል ነበር፤ ከምላሱ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ያቺ በእርሳስ ጠረጴዛ እየቆረቆረች ያሳደገችው ሴት አንቱ ስትለው አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ቀና አለ። ጣመው። ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

በዚያው ሰሞን ትልቅ ገዢ መጣ። ብዙ ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድር ድርጅት ነው፤ የሚገዛውም ትንሹን መሣሪያ ነው። አንድ ነገር ግን ጠየቀ፦ ከርነሉ፣ ለትልቁም ለትንሹም ሲሆን፣ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ መገንባት አለበት። ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር፣ ሥራውን ሲጨርስ ቅር ያለውን ሁሉ እየዘረዘረ ይነግራል። ከዚያ ሁሉ ቅሬታ የሚበዛው አንድ ዓይነት ነበር፦ ይህ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ ተጽፏል፣ የሚጠራው ግን የለም። ማሙሽ በመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆሞ ደረቱን ነፋ። "የኔ ከርነል ውስጥ አንድም ሥራ ፈት መስመር አይኖርም" አለ።

ሥራው የሚያሰለች፣ ምስጋና የሌለው፣ ዓይን የሚያፈስ ሥራ ነው። ማን ይውሰደው ሲባል ሳቂታው፣ "እሱን ለእኛ ተወው፤ ለእህትህ ቀለል ያለውን ፈልግላት" አለና ሳቀ።

"ለእሷ ነው የምሰጠው" አለ ማሙሽ። "ሁሉንም። ብቻዋን።"

እታለም አላጉረመረመችም። እንዲያውም ደስ ያላት ትመስላለች። ያን ሁሉ ዓመት የመድኃኒት ሰዓት ስትቆጥር የኖረች ሴት ጭንቅላቷን የሚያሠራ ነገር አግኝታለች። ፈንክሽኖቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች፤ ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ ማን ይጠራው ነበር ብላ ሥሩ ድረስ ትወርዳለች። ብዙዎቹ በእርግጥ የሞቱ ነበሩ፤ ሰርዛ ጣለቻቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ፣ ኮምፓይለሩ የሞቱ ናቸው ቢላትም፣ አልሞቱም። እነዚህ መሣሪያው ባትሪ ለመቆጠብ ሲተኛ ሴንሰሩን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጁት፣ ሲነቃ የሚቀሰቅሱት ናቸው። ከርነሉ ለትልቁ መሣሪያ ሲገነባ የእንቅልፍ ክፍሉ ይዘጋል፤ ከግድግዳ የማይነቀል ዕቃ ምን ያስተኛዋል? ያን ጊዜ የሚጠራቸው ይጠፋና ኮምፓይለሩ ይጮኻል። ለትንሹ ሲገነባ ግን ሁሉም ይጠራሉ። እታለም እነዚህን አልነካቻቸውም። በእያንዳንዱ ራስ ላይ "ላይጠራ ይችላል" የሚል ትርጉም ያለውን ምልክት አደረገች። ኮምፓይለሩ ያንን ሲያይ ነገሩ ታውቆ የተተወ መሆኑ ይገባውና ዝም ይላል። ማሙሽ ራሱ ድሮ፣ ከእሷ ሲማር፣ በዚህ ምልክት ሠርቷል።

የግምገማው ዕለት ኮዷ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ተዘረጋ። ማሙሽ ቆሞ ነው የሚያየው። ሌሎቹ ጠረጴዛውን ከበዋል፤ ሳቂታው አገጩን በመዳፉ ደግፏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ማሙሽ ምልክቱን እያሳየ።

"የእንቅልፍ ፈንክሽኖቹ ናቸው። ለትልቁ ስንገነባ—"

"ምንድን ነው አልኩሽ እንጂ ታሪኩን ንገሪኝ አላልኩም።"

"ኮምፓይለሩ እንዳይጮኽ የሚያደርግ ምልክት ነው።"

"እንዳይጮኽ!" አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ። "አጽጂ ብዬ ሰጠኋት፤ እሷ የኮምፓይለሩን አፍ በጨርቅ ወትፋ ጸዳ ትለኛለች።"

ሳቁ ጠረጴዛውን ዞረ። ሳቂታው ጎኑ ላለው፣ "ቢሆንም እህቱ ናት፤ ያልፋታል" ሲል ማሙሽ ሰማው። የተባለው እንዲሰማው ነው።

እታለም ተነሥታ ወደ ግድግዳው ቀረበች። "አንድ ጊዜ ይዩልኝ" አለች። "ትንሹ መሣሪያ ሲነቃ ሴንሰሩን መልሶ የሚያበራው ይሄ ነው። እሱ ከሌለ ስክሪኑ ይበራል እንጂ ሴንሰሩ እንደተኛ ይቀራል።" ይህን ስትል በእጇ እርሳስ ይዛ ነበር። ሳታስበው የእርሳሱን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረገችው። "እስቲ እንደገና ይዩት።"

እውነቷን እንደሆነ ማሙሽ ገባው። ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ገብቶታል። ግን ያ ኳኳታ ጆሮው ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንሥቶ፣ እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ አድርጎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሰዎቹ የሚያዩት መሰለው። ደሙ ፈላ።

"ስሚ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያን ሁሉ ዓመት የበሽተኛ ጨርቅ ስታጥቢ የሠራው እጅሽ እንጂ ጭንቅላትሽ አይደለም። ዓለም ጥሎሽ ሄዷል። እዚህ የተቀመጥሽው ስለተለመነልሽ ነው። እኔን ልታስተምሪኝ አይደለም።"

የሳቀ የለም። ሳቂታው እንኳ ጥርሱን ከደነ። በሽተኛዋ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ማሙሽ በእሷ ስም ፈቃድ ሲጠይቅ ስንቴ ሰምተዋል።

እታለም እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"የከርነሉ አለቃ እኔ ነኝ አንቺ?" አላት።

"እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያው አጥፊያቸው። ፈንክሽኖቹንም፣ እነሱን የሚጠራውንም መስመር። አንድ እንዳይቀር።"

"ትእዛዝ ነው?"

"ትእዛዝ ነው። አሁን። እያየንሽ።"

ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ ሁሉም አየ። ስትጨርስ ገነባችው፤ ኮምፓይለሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጨረሰ። አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ማሙሽም ለራሱ ጭብጨባ ጎንበስ አለ።

በማግሥቱ እታለም ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች። "ማሙሽ፣ ስማኝ" አለችው፤ አንቱታውን ትታዋለች። "በእኔ ተናድደህ ነው፤ ተናደድ። ግን ፈንክሽኖቹን ራስህ መልሳቸው። እኔ አልታይም። ቆይቼ ሳስበው ነው በላቸው፤ ያንተ ሐሳብ ይሁን።"

ይህን ስትል ድምጿ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። ለራሷ ግን አልነበረም።

"በሩን ከፍተሽ ውጪ" አላት።

ከወጣች በኋላ ግን መልሶ ሊያስገባቸው አስቦ ኮዱን ከፍቶት ነበር። ከዚያ ሳቂታው ትዝ አለው። ሳቂታው የኮዱን ለውጥ ሁሉ ይከታተላል፤ እህቱ አዝዛው ነው ይላል። ነገ አደርገዋለሁ አለ። ነገ ደግሞ ሌላ ሥራ መጣ። ትንሹን መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ሲሞክሩት ምንም አልሆነም፤ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ስለሚሰካ አይተኛም፣ ስለማይተኛ አይነቃም። ማሙሽም ይህን ያውቃል። እያወቀ፣ የሆነ ሆኖ ሠርቷል አይደል ብሎ ራሱን ደለለ። ሰው ራሱን ሲደልል ብልህ የለም።

የገዢው ድርጅት ሰዎች መሣሪያውን ለማየት መጡ። መሪያቸው ሐኪም ናት፤ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ከወሬ ይልቅ ማየት የምትወድ ሴት። ሥራ አስኪያጇ ራሷ ናት የተቀበለቻቸው። የክፍሉ መሐንዲሶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እታለም ከበሩ አጠገብ ናት።

ማሙሽ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ያለ ቻርጀር። ሐኪሟ ጣቷን በመሣሪያው የጣት መቆንጠጫ ውስጥ አስገባች። ስክሪኑ ሰባ ሁለት አለ። "ልቤ ደህና ናት ማለት ነው" ብላ በሌላው እጇ ሻይዋን አነሣች። ወሬ ተጀመረ። በወሬው መሀል መሣሪያው ስክሪኑን አጥፍቶ ተኛ፤ ሐኪሟም ጣቷን አወጣች።

"እስቲ ይነሣ" አለች ሐኪሟ ሻይዋን እያስቀመጠች፣ ቁልፉንም ተጫነች። ስክሪኑ ቦግ አለ። ሰባ ሁለት ይላል።

ሐኪሟ መሣሪያውን አየችው፤ ጣቷን አየችው። ጣቷ የሻይ ብርጭቆው ላይ ነው።

"የማንን ልብ ነው የሚለካው?" አለች።

ሐኪሟ ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ መቆንጠጫው ውስጥ አስገባች። ሰባ ሁለት። ከግድግዳው ጥግ የሆነ ሰው ሳቁን አፍኖ አስነጠሰ።

"እስክሪብቶዬ ደህና ነው" አለች ሐኪሟ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ይሄ አልጋ ላይ ያለ ሰው ቢሆንና ቢሞት፣ ነርሷ ሰባ ሁለት የሚለውን አይታ ታልፋለች። እኔም አያለሁ፤ እኔም አልፋለሁ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ።"

ሥራ አስኪያጇ መሣሪያውን አንሥታ አገላበጠችው።

"ማነው ይሄን ያደረገው?" አለች ሥራ አስኪያጇ። የምትጠይቀው ማሙሽን ነው።

የዚያን ጊዜ ማሙሽ ዞሮ እህቱን አያት። እሷም አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢያገኝ ይሻለው ነበር፤ ያገኘው ሐዘኔታ ነው፤ እንደ ልጅነቱ፣ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ሮጣ የምትመጣበት ዓይን። ከዚያ ዓይን ለማምለጥ ይመስላል አፉ የተከፈተው።

"እህቴ ናት" አለ። "እህቴ ስለሆነች አልሸፍናትም። ከርነሉን እንድታጸዳ ሰጠኋት፤ መሰረዝ የሌለበትን ሰረዘች።"

ሥራ አስኪያጇ ወደ በሩ ዞረች። "እውነት ነው?"

እታለም ግድግዳውን የተደገፉትን አንድ በአንድ አየቻቸው። ያን ዕለት ሁሉም ነበሩ፤ ትእዛዝ ነው ሲባል ሁሉም ሰምተዋል፤ ሁሉም አጨብጭበዋል። አንዱ ስልኩን ያይ ጀመር። አንዷ የሸሚዟን ቁልፍ ቆለፈች፤ ተቆልፎ የነበረውን። ሳቂታው የጫማውን አፍንጫ ይመረምራል።

"የሰረዝኩት እኔ ነኝ" አለች።

"ዕቃሽን ሰብስቢ" አለች ሥራ አስኪያጇ።

በሩ ሲዘጋ ሐኪሟ ማሙሽን ቆም ብላ ተመለከተችው። "መሣሪያው አሳፋሪ ነው" አለች። "ግን የገዛ እህቱን የማይሸፍን ሰው ብዙ አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ይስተካከላል። እንመለሳለን።"

ሥራ አስኪያጇ በኩራት የማሙሽን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ሽያጩ በእሱ ሐቀኝነት ዳነ።

ከሰዓት በኋላ ማሙሽ የጠፉትን ፈንክሽኖች መለሰ። ማስጠንቀቂያው ተመልሶ እንዳይመጣም በራሳቸው ላይ "ላይጠራ ይችላል" የሚለውን ምልክት አደረገ፤ እታለም እንዳደረገችው፣ ያንኑ። ሰዎቹን ሰብስቦም፣ "ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ የማይጠራ የመሰለን ሁሉ ዝም ብሎ መሰረዝ የጀማሪ ሥራ ነው" ብሎ አስተማራቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሳቂታው ከሁሉ ይልቅ ነቀነቀ። ወዲያው በሳምንቱ ምክትል አለቃ ተደረገ። ማሙሽ ነው ያጨው። ሁለቱ ስለዚያ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ መነጋገርም አላስፈለጋቸውም።

እታለም ለእናቷ የነገረቻቸው ሌላ ነው። "ሥራው ከበደኝ እማዬ፤ ተውኩት" አለቻቸው። እሑድ ማሙሽ ሲመጣ እናትየው ገና አልበረደላቸውም ነበር።

"አያሳዝንም?" አሉት። "አንተ ለምነህ አስገብተሃት፣ ከበደኝ ብላ ጥላ መጣች! ድሮስ ቤት የለመደ ሰው! አንተን ምን ብለው አሙህ ይሆን?"

እታለም የምታጥፈውን አንሶላ ማጠፍ አላቋረጠችም። ማሙሽ ጉሮሮውን ጠረገ። "ምንም አይደል እማዬ" አለ። "ሰው አቅሙ የቻለውን ነው።"

አንሶላው በእታለም እጅ ላይ ለቅጽበት ቆመ። ከዚያ እንደገና ታጠፈ።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ቆይቶ፣ ማሙሽ ቢሮው ብቻውን ሳለ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ኃላፊ ነው። እታለም ሥራ ጠይቃቸዋለች፤ ፈተናውንም ከሁሉ በልጣ አልፋለች።

"ወደናታል" አለ ሰውዬው። "እርስዎ ጋ መሥራቷን ስለነገረችን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጠንቃቃ ናት?"

ማሙሽ በእርግጥ አዎን ሊል ነበር። በዚህ መማል ይቻላል። ቢሮው ውስጥ የሚያየው የለም፤ ሳቂታው የለም፤ ጠረጴዛ የሚቆረቁር እርሳስ የለም። አዎን የምትለዋ ቃል አፉ ውስጥ ነበረች። ግን ጠንቃቃ ከሆነች ያን ያጠፋው ማነው? ሰውዬው ሥራ አስኪያጇን ቢያውቃትስ? አንድ ቀን ሻይ ሲጠጡ፣ ወንድሟ ጠንቃቃ ናት ብሎኛል እኮ ቢላትስ? አንዴ የዋሸ ሰው ለውሸቱ ዕድሜ ልኩን ዘብ ይቆማል።

"እህቴ ስለሆነች መናገር ይከብደኛል" አለ።

"ለዚያም ነው የእርስዎን ማመን የምፈልገው። በግልጽ ይንገሩኝ።"

"እንግዲህ... ጥንቃቄ ይጎድላታል" አለ ማሙሽ። "እኛ ጋ የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ተበላሽቷል።"

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ስለ እውነተኛነትዎ አመሰግናለሁ" አለ ሰውዬው።

ማሙሽ ስልኩን አስቀምጦ ትንሽ ተቀመጠ። የሚጸጽተው መስሎት ጠበቀ። የመጣለት ግን እፎይታ ነው፤ አሁን ወሬው ከሁሉም በኩል አንድ ሆነ። ተነሥቶ ምሳ ሄደ።

ቀጥሎ ባለው እሑድ እናቱ ቤት ሲገባ እታለም ማድ ቤት ነበረች። እናትየው አጠገባቸው አስቀምጠው ጉልበቱን ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይለምኑት ጀመር።

"እህትህ አንድ ቦታ ተቃርባ ነበር መሰለኝ፤ ተበላሸባት። አትነግረኝም እንጂ ፊቷን አያለሁ። አንተ ሰው ታውቃለህ። አንድ ቃል ብትናገርላት ምን አለበት? ከአንተ ሌላ ማን አላት?"

"እሺ እማዬ" አለ ማሙሽ። "እናገርላታለሁ።"

"ተባረክ። የኔ ደግ።"

ማድ ቤት የነበረው የሳህን ድምፅ ጸጥ ብሏል።

ሊሄድ ሲነሣ እታለም ልትሸኘው እስከ ደረጃው ወጣች። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

"የፋብሪካው ሰውዬ ደውሎልኝ ነበር" አለችው። "ፈተናሽ ጥሩ ነው፤ ግን የገዛ ወንድምሽ ያልመሰከረልሽን እኛ እንዴት እናምንሽ አለኝ።"

"እታለም፣ እኔ ያልኩት እንደዚያ—"

"ቀስ በል። እማዬ ትሰማለች።"

ማሙሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላ ቦታ እፈልግልሻለሁ" አለ።

"አትፈልግልኝ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ እሑድ እሑድ መምጣቱን ተወው። ሥራ በዝቶበታል እላታለሁ። አንተ ተቀምጠህ ስትመረቅ ማድ ቤት ሆኜ መስማት አልቻልኩም።"

"እናቴን ልትከለክዪኝ ነው?"

"አልከለክልህም" አለች እታለም። "ና ከፈለግህ። ማክሰኞና ዓርብ ገላዋን የምትታጠብበት ቀን ነው። ያለ ምርኩዝ መቆም ስለማትችል አቅፈው ይዘው ነው የሚያጥቧት፤ ክብደት አላት፣ ታለቅሳለች። ማክሰኞ ና። እኔ ሥራ ፍለጋ ልውጣ፣ አንተ እጠባት። ያኔ የፈለግህ ቀን ትመጣለህ።"

ማክሰኞ ሐኪሟና ሰዎቿ ለፊርማ የሚመጡበት ቀን ነው። እውነቱም ይህ ነው፤ ሰበብ አይደለም። ግን ማክሰኞ ባዶ ቢሆን ኖሮም እንደማይመጣ ማሙሽ ያውቃል። እሷም ታውቃለች፤ መልሱን አልጠበቀችም።

"ማክሰኞ ስብሰባ አለኝ" አለ።

"እሺ" አለች።

ገብታ በሩን ዘጋችው። ማሙሽ ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ። የእናቱ ድምፅ በበሩ ውስጥ ይሰማዋል።

"ሄደ?"

"ሄደ እማዬ።"

"ምን አለሽ? ይናገርልሻል?"

እታለም የመለሰችውን አልሰማም። የሰማው እናቱ ደስ ብሏቸው ረጅም ምርቃት ሲጀምሩ ነው፤ ዕድሜውን፣ ወንበሩን፣ ወደፊት የሚወልዳቸውን ልጆች እየጠሩ። እስኪጨርሱ አልቆመም። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወረደ፤ መንገድ ላይ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ የማክሰኞው ስብሰባ ሰዓት እንዳልተለወጠ አረጋገጠ።